ቤቱን የሚያቆመው ተከራዩ ነው

«ወንድምዓለም፣ ነፋስ መውጫ ቤት አግኝቻለሁ። ነገ ቀብድ ልልክ ነው።»

ታላቅ እህቴ ከኩዌት የላከችልኝ የድምፅ መልእክት ነው። ጥር 2015 ዓ.ም. ነበር። ጥቅምት 23 ቀን የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈርሞ ጦርነቱ ቆሟል። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት የዋለበት ነፋስ መውጫ ትንፋሽ አግኝቶ፣ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚያልፈው መንገድ ላይ መኪና እንደ ልብ መመላለስ ጀምሯል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ዐረብ አገር ልጅ ያለው ቤተሰብ የሚያወራው ስለ ቤት ነበር። እህቴም የአሥራ ሁለት ዓመት ጉልበቷን የምታሳርፍበት ቦታ ትፈልጋለች። ደላላው ፎቶ ልኮላታል፦ በአንድ መስመር የተሠሩ አምስት ክፍሎች፣ አዲስ ቆርቆሮ፣ የሲሚንቶ ወለል። «ተከራይ የማያጣ ቤት ነው፤ በአምስት ዓመት ዋጋውን ይመልሳል» ብሏታል። ዋጋው 900 ሺህ ብር።

እኔ ጋዜጠኛ ነኝ እንጂ ቤት ነጋዴ አይደለሁም። ያ ብር እንዴት እንደተገኘ ግን ዐውቃለሁ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት በእሷ ገንዘብ ነው። «እታለም፣ ሁለት ሳምንት ስጪኝ፤ ሄጄ ልየው» አልኳት። ቅር አላት። «ሌላ ሰው ይወስደዋል» አለች። እውነቷን ነው፤ ሌላ ሰው ወሰደው። የዚያን ቤት መጨረሻ ዝቅ ብዬ እነግራችኋለሁ።

በውስጥ መስመር «አገር ቤት የሚከራይ ቤት ልገዛ ነው፤ ምን ትመክረኛለህ?» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ለእያንዳንዱ ከመመለስ አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው። የምናገረው ስለ ቦሌና ስለ አያት አይደለም። የምናገረው ስለ ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ ነው። በእነዚህ ከተሞች የቤት ኪራይ ሒሳቡም ሕጉም ተከራዩም ከአዲስ አበባ ይለያል።

ፎቶው አልዋሸም

ቤቱን ሄጄ አየሁት። ፎቶው እንዳሳየው ነበር። ግድግዳው በደንብ የተመረገ፣ በሩ የቆርቆሮ፣ ግቢው የታጠረ። ችግሩ የመጣው «ካርታውን ልየው» ስል ነው። ሻጩ ከሳጥን አውጥቶ የሰጠኝ አረንጓዴ ደብተር ነው፤ የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ። ቤቱ የቆመው በከተማው ጠርዝ፣ በእርሻ ማሳ ላይ ነበር።

«ታዲያ ውሉን ምን ብለን ልንጽፍ ነው?» አልኩ።

ደላላው ሳቅ አለ። «እሱ ቀላል ነው። እህትህ 900 ሺህ ብር እንዳበደረችው አድርገን እንጽፋለን። እስኪመልስ ቤቱን ትይዛለች። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።»

ሰው ሁሉ እንደዚያ እንደሚያደርግ እኔም ዐውቃለሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ከተማ ውስጥ የምንሸጠውና የምንገዛው ቤቱን ነው፤ በቦታው የመጠቀም መብት ቤቱን ተከትሎ ይተላለፋል። የገበሬ ማሳ ግን በውርስ፣ በስጦታ ወይም በኪራይ እንጂ በሽያጭ አይተላለፍም። ስለዚህ ሽያጩን ብድር ወይም ስጦታ ያለብሱታል።

እስኪ ይህ ውል ፍርድ ቤት ሲደርስ አስቡት። ወረቀቱ «ብድር» ይላል። ሻጩ ከስምንት ዓመት በኋላ 900 ሺህ ብር ይዞ ይመጣና «ብድሬን ልክፈል፤ ቤቴን አስረክቡኝ» ይላል። በዚያን ጊዜ 900 ሺህ ብር አንድ ክፍል እንኳ ላይሠራ ይችላል። «አይ፣ እውነቱ ሽያጭ ነው» ብላችሁ ብትከራከሩ ደግሞ ሕግ የከለከለውን ሽያጭ ራሳችሁ መሰከራችሁ፤ ውሉ ይፈርሳል። ከተማው ሰፍቶ መሬቱን ቢወስደውም ካሳ የሚከፈለው በደብተሩ ላይ ስሙ ላለው ባለይዞታ ነው። በሦስቱም መንገድ ገዢው ተሸናፊ ነው።

ለእህቴ ነገርኳት። «ስንት ሰው ገዝቶ እየኖረ አይደል?» አለች። እየኖረ ነው። ሻጩ ደግ እስከሆነ፣ ልጆቹ እስኪያድጉ፣ ከተማው እስኪሰፋ ድረስ ይኖራል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልፋት ግን በሰው ደግነት ላይ ብቻ አይቀመጥም።

ከመግዛታችሁ በፊት

ያን ቤት ትተን ሌላ ስንፈልግ አራት ነገሮችን ለይቼ ያዝኩ።

አንደኛ፣ ካርታውን ከሻጩ እጅ ሳይሆን ከማዘጋጃ ቤቱ ፋይል ተመልከቱ። ፎቶ ኮፒ አትመኑ። በማን ስም ነው? ስፋቱና አዋሳኙ መሬት ላይ ካለው ጋር ይገጥማል? ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ? ሊዝ ከሆነ የመኖሪያ ቤት ዘመኑ እስከ 99 ዓመት ነው፤ ስንቱ እንደቀረና ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ እንዳለ ጠይቁ። የባንክ መያዣ ወይም የፍርድ ቤት ዕግድ እንደሌለበት በጽሑፍ አረጋግጡ።

ሁለተኛ፣ ሚስት የት አለች? ባል የት አለ? የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የባልና ሚስት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለሁለቱም ስምምነት እንዲሸጥ አይፈቅድም። እኛ አገር ባል ብቻውን ፈርሞ ቀብድ የሚቀበልበት ቤት ብዙ ነው። ሻጩ ወራሽ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ወራሾች ይፈርሙ። ሑመራና መተማ ለሥራ የወረደ ወንድም፣ ቤይሩት ያለች እህት አትርሱ። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው «ድርሻዬስ?» ይላሉ፤ መብታቸውም ነው።

ሦስተኛ፣ ውሉ ይመዝገብ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በሚያዋውል ባለሥልጣን ፊት መደረግ አለበት። ቁጥር 2878 ደግሞ ሽያጩ በንብረቱ መዝገብ ካልተጻፈ በሦስተኛ ወገን ላይ አይጸናም ይላል። በሦስት ሽማግሌ ፊት በደብተር ወረቀት ላይ የተጻፈ ውል ለሽምግልና ጥሩ ነው፤ ለባለቤትነት ግን አይበቃም። ስሙ እስኪዞር ድረስ ከዋጋው ዳጎስ ያለውን በእጃችሁ አቆዩ።

አራተኛው ለእኔ ከሁሉም ከባዱ ነበር። እህቴ «አንተ አገር ቤት ነህ፤ በስምህ ይሁን» አለችኝ። ከፍቅር ነው ያለችው። እኔም እንደማልበላት ዐውቃለሁ። ነገር ግን ነገ ባገባ፣ ብታመም፣ ብሞትስ? ወራሼ እንደ እኔ ያስባል? በየመንደሩ ከዐረብ አገር ተመልሳ በወንድሟ ስም በተሠራው ቤት እንደ እንግዳ የተቀመጠች እህት አታጡም። «በስምሽ ካልሆነ አልገዛም» አልኳት። በኤምባሲ በኩል ውክልና ላከች። ውክልናውም የመግዛት፣ የማዋዋል፣ የማስተዳደርና የማከራየት እንጂ የመሸጥ ወይም በመያዣ የማስያዝ ሥልጣን እንዳይኖረው ራሴ አሳሰብኳት። ቤት ለመሸጥና ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ያን ካልሰጠች እኔም ብሳሳት ቤቷ አይነካም።

«በአምስት ዓመት ዋጋውን ይመልሳል»

አሁን ሒሳብ እንሥራ። የደላላው አምስት ክፍል እያንዳንዱ በ1,200 ብር ተከራየ እንበል። በወር 6,000፣ በዓመት 72,000 ብር። 900 ሺውን ለመመለስ አሥራ ሁለት ዓመት ተኩል ይፈልጋል። አምስት ዓመት የሚለው ከየት መጣ?

አሥራ ሁለቱም የደላላ ሒሳብ ነው። የእኛ ከተሞች ተከራይ በዋናነት ተማሪ ነው። መስከረም ይገባል፣ ሰኔ ይወጣል። ክረምቱን ቤቱ ባዶ ነው። ስለዚህ በአሥር ወር ቁጠሩ፦ 60,000 ብር። ምርጊት፣ ምስማር፣ ቁልፍ፣ ሽንት ቤት፣ የኪራይ ገቢ ግብር ስትቀንሱ 45 ሺህ ብር ቢቀር ጎበዝ ናችሁ። ሃያ ዓመት ማለት ነው። ያው 900 ሺህ ብር በ7 በመቶ ወለድ ባንክ ቢቀመጥ በዓመት 63,000 ብር ይወልዳል፤ ምስማርም አይፈልግም።

ታዲያ ለምን ቤት ይገዛል? መልሱን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሁላችንም አየነው። የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ። ባንክ የተቀመጠ ብር ከነወለዱ ሟሸሸ። ቤት ግን ቤት ነው። እህቴ ቤት የገዛችው በኪራይ ለመበልጸግ ሳይሆን ላቧ እንዳይተን ነው።

ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ኪራዩ ዋጋውን ይመልሳል ብሎ የገዛ ሰው በየዓመቱ ተከራዩ ላይ ይጨምራል፤ አልሆን ሲለው ተከራይ ያባርራል። ቤቱን ለማቆየት የገዛ ሰው ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ይህ ቤት ሃያ ዓመት እንዲቆም የሚጠብቅልኝ ማን ነው? መልሱ ተከራዩ ነው። ይህንን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ተከራይ ሆኜ ነው የተማርኩት።

ወገዳ፣ 1999 ዓ.ም.

ተወልጄ ያደግኩት ስማዳ ገጠር ነው። በ1999 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ለመማር ወገዳ ስገባ ከሁለት የአካባቢዬ ልጆች ጋር አንድ ክፍል በ30 ብር ተከራየን። እንደኛ ያደገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ዓርብ ከሰዓት እግርን ወደ ቀዬ ማቅናት፤ እሑድ ድርቆሹን፣ ሽሮውን፣ ቆሎውን በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ መመለስ። ሐሙስ ላይ ስንቅ ያልቃል፤ ከጓደኛ ይካፈሏል።

በዚያ ዓመት በረዶ የአባቴን ማሳ መታው። ሦስት ወር ኪራይ አልከፈልንም። አከራያችን እማማ አንድ ማታ ጠሩን። ሊያስወጡን ነው ብለን ከረጢታችንን አስረን ነበር። «አባትህ በጉን የሚሸጠው መቼ ነው?» አሉኝ። «ለፋሲካ» አልኳቸው። «እስከዚያ ከኋላ ያለውን ቦይ ቆፍሩልኝ፤ ውኃው መሠረቴን ሊበላው ነው» አሉን። ቅዳሜ ቆፈርን። በሚቀጥለው ዓመት ነፋስ የገነጠለውን ቆርቆሮ ወጥተን መታን። ግድግዳው ሲሰነጠቅ ጭድና ጭቃ አቡክተን መረግን። እኛ ስንወጣ ታናናሾቻችን ገቡ፤ እነሱ ሲወጡ ሌሎች። ያ የጭቃ ቤት ዛሬም ቆሟል። በዚያን ጊዜ ከጎኑ የነበረ፣ ባለቤቱ አዲስ አበባ የሚኖር፣ ተቆልፎ የቆየ ቤት ግን ከአምስት ክረምት በላይ አልቆመም።

በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ቤት ሰው ካልኖረበት ይሞታል። ጭስ የማያገኘውን ማገር ነቀዝ ይበላዋል። ትንሽ ፍሳሽ የሚያይ ዓይን ከሌለ በአንድ ክረምት ግድግዳ ይዞ ይወርዳል።

ተቃራኒውም እውነት መሆኑን ደግሞ ታሪካችን ያሳያል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደርግ ትርፍ ቤቶችን ወረሰ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራያቸውም ተቀነሰ። ለድሀው እፎይታ ነበር። ነገር ግን ኪራዩ ከጥገናው በታች ሲወርድና «ቤቱ የእኔ ነው» የሚል ሰው ሲጠፋ የቀበሌ ቤት ማለት ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ማለት ሆነ። ስለዚህ በነጻ አኑሩ አልልም። ኪራዩ ጥገናውን የሚሸፍን፣ ተከራዩን የማያባርር ይሁን ነው የምለው።

ክፍሉን ስታሰናዱ

ግንቦት 2015 ዓ.ም. ለእህቴ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ገዛን። ነፋስ መውጫ፣ ካርታ ያለው፣ ከደላላው ቤት ያረጀ። ስሙ ወደ እሷ ዞረ። ከቀረው ብር ላይ ክፍሎቹን አስተካከልን። ያደረግነውን እዘረዝራለሁ፤ ለሌላም ይሆናል።

ሽንት ቤት ከሁሉ ቀደመ። ከገጠር መጥታ የምትከራይ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ማታ ግቢ አቋርጣ የምትሄድበት ሽንት ቤት ከውስጥ የሚቆለፍ በርና መብራት ከሌለው፣ ያ ቤት ለሴት ልጅ አይከራይም። ብዙ አባቶች ክፍሉን ከማየታቸው በፊት እሱን ነው የሚያዩት። የክፍሉ ቁልፍም የተከራዩ ነው። አከራይ ሳያንኳኳ አይገባም።

ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለ፣ ስሙ ራሱ የሚናገር ከተማ ነው። ማታ ብርዱ አጥንት ይገባል። ተማሪው በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ያቀጣጥላል። የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሳይታወቅ ይገድላል። ስለዚህ ከጣሪያው ሥር አየር መውጫ አስከፈትን፤ ከውጭ የጋራ ማድ ቤት ሠራን፤ «ከሰል ክፍል ውስጥ አይታደርም» የሚለውን በውሉ ላይ ጻፍነው።

ጣሪያው ላይ ምስማር አበዛን። ቆርቆሮው ከታች ካለው ወራጅ ጋር በሽቦ ታሰረ። የጣሪያ ውኃ ወደ መሠረቱ እንዳይወርድ ቦይ ተቆፈረ። የወገዳዋን እማማ አልረሳኋቸውም።

የመብራት ቆጣሪም አለ። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም የሚጨምርበት ነው። እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት በርካሹ እርከን ይከፍላል። አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ግን ድምሩ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣና እያንዳንዱ ድሀ በሀብታም ዋጋ ይከፍላል። ጠቡም ከዚያ ይጀምራል። ቢቻል የየራስ ቆጣሪ አስገቡ፤ ካልተቻለ ለየክፍሉ ማካፈያ ቆጣሪ አድርጉ፤ ቢሉን ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ውልና ኪራይ

መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320ን አጽድቋል። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ጭማሪ በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል ባወጣው ልክ ይሁን፣ ክፍያ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ ይፈጸም ይላል። በየትኞቹ ከተሞቻቸው እንደሚሠራ የሚወስኑት ክልሎች ናቸው። እናንተ ግን ከተማችሁ እስኪደርሰው አትጠብቁ። ልኩ ጥሩ ልክ ነው፤ ተከራይን ብቻ ሳይሆን አከራይንም ይጠብቃል።

እኛ አካባቢ ግን በሕጉ ላይ የምንጨምረው አለን። ተከራዩ ተማሪ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከ18 ዓመት በታች ነው፤ ስለዚህ ውሉን የምትዋዋሉት ከአባት ወይም ከእናት ጋር ነው። ይህ ለፊርማ ብቻ አይደለም። ልጁ ሲታመም የምትደውሉለትን ሰው ያስተዋውቃችኋል።

ገበሬ ደግሞ በየወሩ ገንዘብ የለውም። እህሉ ተወቅቶ፣ በጉ ለበዓል ተሸጦ ነው ብር የሚያየው። በየወሩ መጨረሻ እየደወላችሁ ከምታስጨንቁት በጥርና በፋሲካ እንዲከፍል ተዋዋሉ። እኔ ሁለት ወቅት አድርጌላቸው እስከ ዛሬ የተካደ ኪራይ የለም። ደመወዝተኛው፣ መምህሩ፣ ነርሷ፣ የባንክ ሠራተኛው በወር ይክፈሉ።

ክፍያው በቴሌብርም ይሁን በባንክ ደረሰኝ በወረቀት ይኑር። ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋ የስልክ መዝገብ ማን ያያል? አንድ ደብተር ገዝቶ ከፋይም ተቀባይም ይፈርሙበት። ግብሩንም ክፈሉ። የተከፈለ የኪራይ ግብር ደረሰኝ ነገ የባለቤትነት ክርክር ቢነሳ ለእናንተ የሚናገር ወረቀት ነው።

መስከረም 2016 ዓ.ም.

ሁሉን አሰናድተን ሰኔ 2015 ዓ.ም. አንዱን ክፍል አንዲት ነርስ ተከራየችው። ሁለቱን ክፍሎች ከገጠር ለሚመጡ ሴት ተማሪዎች ለመስከረም ያዝንላቸው። አባቶቻቸው ፈርመዋል።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የቀረውን ታውቁታላችሁ። መንገድ ተዘጋ፣ ኢንተርኔት ጠፋ፣ በክልሉ በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ሳይከፈቱ ቀሩ። ሁለቱ ልጆች መስከረም ላይ አልመጡም። ሁለት ክፍል ባዶ ሆነ። እህቴ ከኩዌት ስትደውል ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር። «ነግሬህ ነበር፤ የደላላው ይሻል ነበር» አለች። ምን ልበላት?

ነርሷ አልሄደችም። ደመወዟ ሲዘገይ «ኪራዩን ተዪው፤ ቤቱን ብቻ ጠብቂልን» አልናት። በዚያ ክረምት ነፋስ አንድ ቆርቆሮ ገነጠለ። ጎረቤት ጠርታ አስመታችው። ባዶዎቹን ክፍሎች በየሳምንቱ ከፍታ ታናፍሳለች፤ ማታ መብራት ታበራባቸዋለች። ከመንገዱ ማዶ ሰው የሌለበት ቤት በሩም መስኮቱም ተነቅሎ ሄደ። የእኛ ምስማር አልጎደለበትም። ከእሷ ያልተቀበልነው ኪራይ ለቤቱ የከፈልነው የጥበቃ ደመወዝ ነበር፤ ያውም ርካሽ ደመወዝ።

አሁን አንዷ ተማሪ ተመልሳለች። ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ቀርታ ከእሷ ከሚያንሱ ልጆች ጋር ትማራለች። ሁለተኛዋ አልተመለሰችም። አባቷ በስልክ «ዳርናት» አለኝ። በዚያ ክፍል ሌላ ሰው ገብቷል። ደብተሩ ላይ ግን ስሟን አልሰረዝኩትም። ስለ ቤት ኪራይ ስናወራ የምናወራው ስለዚህች ልጅ ጭምር ነው። በእኛ ከተሞች አንድ የኪራይ ክፍል በገጠርና በትምህርት ቤት መካከል ያለች ድልድይ ናት። ዋጋዋ ሲንር፣ ሽንት ቤቷ ሲያስፈራ፣ አከራዩ ሲያስጨንቅ ቀድማ የምትቀረው ሴት ልጅ ናት። ጦርነቱን ማስቆም ባንችል እንኳ ይህንን ማስተካከል በእጃችን ነው።

የደላላው ቤትስ?

እህቴን ያስቆጨው ባለ አምስት ክፍል ቤት በዚያው ሰሞን ተሸጠ። የገዛው ልጁ ዐረብ አገር ያለች አባት ነው። ባለፈው ዓመት አገኘሁት። ሻጩ 900 ሺህ ብሩን ይዞ መጥቶ «ብድሬን ተቀበለኝ» ብሎታል። ወረቀቱ ብድር ይላል፤ ሻጩም አልዋሸም። የዛሬ 900 ሺህ ብር ደግሞ የያኔው አይደለም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው። ሰውየው «ለልጄ ምን ብዬ ልንገራት?» እያለ በየጊዜው ይጠይቀኛል።

ለእህቴ ነገርኳት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና «ያቺ ነርስ ደህና ናት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ደህና ናት።»

«እንዳትጨምርባት።»

አልጨመርኩባትም።